ከሰባት ቀጥሎ

ደብረ ሲና ጠዋት፣ ጉም ሲውጠው ደጁን፣
አውቶብሱ ሳይታይ፣ እንሰማለን ድምፁን።
ቆሎዬን ታቅፌ፣ እሮጣለሁ ወደ መስኮት፣
ገብስና ሽምብራ፣ ሱፍ ጨምሬበት።
"ምን ያህል ነው እናት?" ሲል አንዱ ተሳፋሪ፣
ልጄ "አቤት!" ይላል፣ ያ ሰው መስሎት ጠሪ።

ምን ላድርግ፣ እኔው ነኝ፣ ምንያህል ያልኩት፣
ሲወለድ ደስታዬን፣ በጣሳ ሰፍሬ ስላልጨረስኩት።

እኔ ራሴ ቁጥር ላይ፣ ያን ያህል አይደለሁም፣
ብርን በቀለሙ እንጂ፣ በአኃዙ አላውቅም።
ብሩ መልኩን ሲለውጥ፣ ያን ሰሞንማ፣
ስንቱ መንገደኛ በላኝ፣ በዚያ ጉም፣ በዚያ ጨለማ።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ ከግዛው ፀጉር ቤት፣
ዳንቴል የለበሰ፣ ቴሌቪዥን አለበት።
ልጆች ይቀመጣሉ፣ ፀጉር በረገፈበት።
ከጨርቅ የተሰፋ፣ አንድ ጭላዳ አለ፣
ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ፣
ደረቱ ላይ ቀይ ጨርቅ፣ ልብ መሳይ የተንጠለጠለ።
ካልሲ ያሰጣል፣ ገመድ ላይ እያሰረ፤
"ስንት እግር ቢኖረው ነው!" ይላል ግዛው፣ የሰው ፂም እያበጠረ።
አንድ ካልሲ፣ ሁለት ካልሲ፣ ይላል እየቆጠረ።
(የታርማበር ጭላዳ፣ ሳር ከመንጨት በቀር፣
ስንት ዓመት ሳልፈው፣ አላየሁም ሲቆጥር።)

"አንድ!" ሲል ምንያህል፣ አውራ ጣቱን ሰጠ፣
"አምስት!" ሲል መዳፉ፣ ሞልቶ ተገለጠ፣
"ስድስት!" ሲል ከግራው፣ አንድ ጣት ተበደረ፣
"ሰባት!" —
ድርግም።
መላጫው ቀጥ አለ፣ ስዕሉ ተሰወረ፤
የአቶ እርገጤ ራስ፣ ግማሽ ታጭዶ ቀረ።
ግዛው ተነፈሰ፦ "መብራት ሄደ።"

በሳምንቱም ያው ነው፤ "ሰባት" — መብራት ሄደ።
በሦስተኛውም፤ ፈረቃው፣ ያን ጭላዳ ለመደ።
ልጄ ምንም አላለ። በልቡ አጠናው።

አንድ ማታ አባቱ፣ ከሸዋሮቢት ደርሶ፣
ሽንኩርት ሲያወርድ፣ ጀርባው በላብ ርሶ፣
ልጁ ከደጃፉ፣ ይቆጥርለት ያዘ፤
"አምስት... ስድስት... ሰባት..." ጣት እየመዘዘ።
ስምንተኛው ጆንያ፣ ትከሻ ላይ ሲወጣ፣
"መብራት ሄደ!" አለ።
አባት አምፖሉን አየ፤ አምፖሉ ይበራል።
"የት ነው የሄደው ልጄ?"
"ያ! ጀርባህ ላይ ያለው!"

ባሌ ሳቀ፣ ሳቀ፣ ጆንያው እስኪወድቅ፣
ሽንኩርቱ ቁልቁለቱን እስኪንከባለል።
እኔ ግን ሽንኩርቱን፣ ስለቅም በጨለማ፣
ትዝ አለኝ ሦስተኛ ክፍል፣ የተውኩት እናቴ ታማ፤
ማባዛት ጀምረን፣ አራት ላይ ደርሼ፣
አራት ጊዜ ስምንትን፣ አላየሁት ተመልሼ።
ያኔ መብራት ሄደ ያለኝ፣ አንድ ሰው አልነበረም።

በስድስተኛው ቅዳሜ፣ መብራት ሳይሄድ ዋለ።
ጭላዳው ካልሲውን ሰቅሎ፣ "ስምንት!" ብሎ ዘለለ።
"ውሸት!" አለ ልጄ፣ ከወንበሩ ዘሎ፤
ግዛው ቆሞ ቀረ፣ መቀሱን አንጠልጥሎ።
"ዘጠኝ" መጣ። "አሥር" መጣ።
የሚበደረው ጣት አለቀ።
አሥሩም ተገትሮ፣ እንደ ገብስ እሸት፣
በጉሙ ውስጥ ሮጦ፣ መጣ ከአውቶብሱ ፊት፦
"እማ! ከመብራት መሄድ ወዲያም አለ!"

"ምን ያህል ነው?" አለ፣ ከመስኮት አንድ ሰው።
"አቤት!" አለ ልጄ፤ ቀጥሎም፣ "አሥር ነው።"

ማታ ሳንቲሙን፣ አልጋው ላይ ዘረገፍኩ።
"እስቲ አንቺ ቁጠሪ፣" አለ፣
ቆሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ልክ እንደ ጭላዳው።
አምስት፣ ስድስት ብዬ፣ ሰባት ላይ ደረስኩ፤
ዓይኔ ሳላዝዘው፣
አምፖሉን አየ።